አሥራ አንዱ ያልተዘጉ መስመሮች

ይሄ ከሰው የሰማሁት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ። እኔ አንዲት ቃል አልጨምርበትም... መቀነስ ቢቻል ግን ብዙ ነገር በቀነስኩለት ነበር።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል። መብራት የጠፋበት፣ ነፋስ የሚያፏጭበት ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከታች ያለው ፎቶኮፒ ቤት ማሽኑን እያንጫጫ ነው። እኔ ደግሞ ግማሽ ሳንድዊች በእጄ ይዣለሁ።

ቢሮአችን ከፎቶኮፒ ቤቱ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንገዳገድ ወንበር፣ የደንበኞች ካርድ ከላይ እስከ ታች የተለጠፈበት ግድግዳ።

ድርጅቱ የሁለታችን ነው። የእኔና የሽቦ።

ሽቦ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ከሲታ ስለሆነና ከእጁ ሽቦ ስለማይጠፋ የወጣለት ነው። አንድ ግቢ ነው ያደግነው። እናቱ ስትሞት እኛ ቤት ገባ። እናቴን እንደ እኔው "እማዬ" ነው የሚላት። ዳቦ ስትቆርስ ትልቁን ለእሱ ነበር የምትሰጠው። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው።

ሐሳቡ ግን የእኔ ነው። ይሄን እወቁልኝ።

ፋርማሲ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አዛውንቶች መድኃኒታቸውን ከእኔ ይገዛሉ፣ ቤት ወስደው ይረሱታል። ወይ ደግሞ "ወስጄ ይሆን?" ብለው ሁለቴ ይውጡታል። ሲያሳዝኑኝ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት መደወል ጀመርኩ። "እንዴት አደሩ? የጠዋቱን ወሰዱ?" መጀመሪያ አምስት ነበሩ። ከዚያ ሃያ። ከዚያ ድምፄ ይዘጋ ጀመር።

ለሽቦ ስነግረው ዓይኑ በራ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ቢዝነስ ነው!" አለኝ። "አንቺ ድምፅሽን ስጪኝ፣ መደወሉን ለማሽኑ ተይው።"

ሰጠሁት።

ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ሦስት መቶ አርባ ዓረፍተ ነገር ቀዳሁለት። እንዴት አደሩ። ወሰዱ? ጎሽ! ውሃ ይጠጡበት። ነገ እደውላለሁ። እያንዳንዷን አውቃታለሁ፣ ከነላቧ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አስመዘገብን። ሽቦ የሠራው ማሽን በየጠዋቱ በእኔ ድምፅ ይደውላል። መልሱን ይሰማል። እንደ መልሱ ደግሞ ከቀዳኋቸው መርጦ ይመልሳል። ጋዜጠኛ ሳይቀር መጥቶ "ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶች" ብሎን ሄደ። እማዬ ያንን ጋዜጣ ለጎረቤት ሁሉ አዞረችው።

አንድ ሕግ ነበረኝ። አንድ ብቻ።

ደንበኛ ሲሞት መስመሩ በዚያው ቀን ይዘጋል።

ቤተሰብ ደውሎ ያረዳኛል፣ አለቅሳለሁ፣ ካርዱን ከግድግዳው አነሳለሁ፣ ሽቦን "መስመሩን ዝጋ" እለዋለሁ። "ዘግቼዋለሁ" ይለኛል። የሞተ ሰው ስልክ ጠርቶ ልጆቹ ቢያነሱትና "መድኃኒትዎን ወሰዱ?" ብላቸው... አስቡት። ለዚህ ነው ሕጉ።

በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ካርድ አንስቻለሁ።

አሥራ አንድ ጊዜ "ዘግቼዋለሁ" ብሎኛል።

ያን ማክሰኞ ሽቦ ምሳ ሊበላ ወጣ። ሐሙስ ውድድር ነበረን። ዳኞች ፊት ቀርበን ሥራችንን እናስረዳለን፤ ካሸነፍን ድርጅቱ ያድጋል፣ ከተሸነፍን እኔ ወደ ፋርማሲው እመለሳለሁ። የምናገረውን ልለማመድ ብዬ የእሱን ኮምፒውተር ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ ተጽፏል።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት ደንበኞች። አንድም የተለየን የለም።"

አንድም?

ስህተት ነው ብዬ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ከላይ ጡረተኛው መምህር አሉ። ከሞቱ አራት ወር ሆኗቸዋል። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ።

ከስማቸው ጎን ያለው ምልክት አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማለት መስመሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

ወረድ እያልኩ አየሁ። አረንጓዴ። አረንጓዴ። አሥራ አንዱም አረንጓዴ።

ቁጥሩ እንዳይቀንስበት አንዱንም አልዘጋውም! ወራት ሙሉ ድምፄ በየጠዋቱ ሙታንን ሲጠራ ከርሟል። ብግን አልኩ። "ይምጣ ብቻ!" አልኩ ለብቻዬ።

ከዚያ ነው ሌላውን ያየሁት።

"የዛሬ ጥሪ፦ ተነስቷል። አራት ደቂቃ።"

ስልኩን ዘመድ ወስዶት ይሆናል አልኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

"እንዴት አደሩ? የጠዋቱን መድኃኒት ወሰዱ?" ይላል ድምፄ።

ዝም...

ሳል።

ሦስት ጊዜ።

መምህሩ ሦስት ጊዜ ሳይስሉ ተናግረው አያውቁም። ፋርማሲ ወረፋ ላይ ሆነው እንኳ በሳላቸው ነበር የምለያቸው።

"አልወሰድኩም ልጄ... አልቆብኛል።"

ሳንድዊቹ መቼ ከእጄ እንደወደቀ አላውቅም።

የድሮ ቅጂ ነው ብዬ ቀኑን አየሁ። የዛሬ ነው። የዛሬ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት።

ደግሞ ሌላ ነገር ቅር አለኝ። የደንበኞቻችንን ጥሪ ብዙ ሰምቻለሁ። ሁሌም ከኋላ አንድ ነገር ይሰማል። ሬዲዮ፣ የማንኪያ ድምፅ፣ የጎረቤት ልጅ ለቅሶ... እዚህ ላይ ምንም የለም። ጭር ያለ ክፍል እንኳ የራሱ ድምፅ አለው። ይሄ ያ እንኳ የለውም።

ከዚያ የእኔ ድምፅ መለሰ።

"አይዞዎት። እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ።"



እኔ ይሄን አልቀዳሁም። ከሦስት መቶ አርባዎቹ አንዱ አይደለም። "አይዞዎት"ን ከአንዱ፣ "እኔ ራሴ"ን ከሌላው ቆርጦ የገጣጠመው ሰው አለ።

"መቼ ትመጫለሽ?" አሉ መምህሩ። "እየጠበቅንሽ ነው።"

እየጠበቅንሽ?

መምህሩ እኮ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት...

ከዝርዝሩ ላይ የአንዲት ልብስ ሰፊ ደንበኛችንን ጥሪ ከፈትኩ። ከሞቱ ሰባት ወራቸው ነው። "አልቆብናል ልጄ" ይላሉ። "እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ" እላለሁ። ማለቴ... ይላል። ድምፄ።

ሦስተኛው። አራተኛው። ሁሉም አልቆባቸዋል። ለሁሉም ቃል ገብቻለሁ።

አሥራ አንደኛዋ ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። ቤታቸው ከመምህሩ ቤት በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። በሕይወት ሳሉ አይተዋወቁም። ነርሷ እያወሩ ሳለ ከኋላቸው ሳል ሰማሁ።

ሦስት ጊዜ።

በሩ ተከፈተ። ዘልዬ ተነሳሁ።

ሽቦ ነው። ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

"ሰማሽው?" አለ በሹክሹክታ።

"ታውቅ ነበር?"

"ቀስ በይ፣ በናትሽ..."

"ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ!"

"ሦስት ሳምንት ሆነኝ።"

"መስመሩን ለምን አልዘጋህም?"

"ዳኞቹ የሚያዩት ቁጥር ነዋ። ማን ይጎዳል ብዬ... የሞተ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ነው።"

"ያቺን ዓረፍተ ነገርስ ለምን ገጣጠምካት?"

አንገቱን ደፋ።

"እሷ በሕይወት ላሉት ነበር። 'አልቆብኛል' ሲሉ ማሽኑ የሚመልሰው አልነበረውም። ይዘጉታል። 'አመጣልዎታለሁ' ስትያቸው ግን ደስ ብሏቸው ያወራሉ፣ ብዙ ይቆያሉ። ለውድድሩ ጥሩ ነበር..." ስክሪኑን አየ። "ከዚያ እነዚያም ማንሳት ጀመሩ።"

"በእኔ ድምፅ ቃል ገባህላቸው።"

"ማሽን እኮ ነው።"

"ድምፄ ነው!"

እውነቱን ልንገራችሁ? ከመምህሩ ሳል በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ለእነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች ያለቀስኩት እሱ ትከሻ ላይ ነው። "አይዞሽ" እያለ ይደባብሰኛል፣ በሌላ እጁ መስመሩን ክፍት ይተወዋል። ከአንድ እናት እጅ የበላን ሰዎች ነን። ባዳ ቢያደርገው ይሄን ያህል አይቆርጠኝም ነበር።

"አሁኑኑ ዝጋው" አልኩት።

"ሞክሬያለሁ። ማታ እዘጋዋለሁ፣ ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀኛል።"

"ሽቦ..."

"ስሚኝማ። አልጨረስኩም።" ፊቱ አመድ መሰለ። "ከዚያ እኔ ጋ መደወል ጀመሩ። በእጅ ስልኬ። ሌላ ነገር አይሉም። 'ልጅቷስ?' ይላሉ። 'እመጣለሁ ብላን ነበር፣ ልጅቷስ?' አንዱ ሲዘጋ ሌላው። ድሮም ሽቦ ነኝ፣ አሁን እኮ ክር ሆንኩ... አላየሽኝም?"

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅኩም።

"ምን አልካቸው?"

የእጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

"ምን አልካቸው?"

"እንዲተዉኝ ብዬ ነው..."

"ምን አልክ!"

"የቤታችሁን አድራሻ ነገርኳቸው።"

የፎቶኮፒው ማሽን ከታች ሲሠራ ይሰማኛል። ጥርጥ... ጥርጥ...

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

እማዬ ቤት ብቻዋን ናት። እሱም ያውቃል። እያወቀ ነው የነገራቸው።

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። በጥፊ መትቼው መሆን አለበት፣ መዳፌን ያቃጥለኝ ነበር። ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። እየሮጥኩ ደወልኩላት።

አነሳች።

"እማዬ! ደህና ነሽ?"

"ምን ሆነሻል ልጄ?" ሳቀች። "እዚሁ ጓዳ ሆነሽ ትደውይልኛለሽ?"

እግሬ ቀጥ አለ። መሐል መንገድ ላይ።

"እማዬ... የት ነኝ አልሽ?"

"ይልቅ ቶሎ በይ፣ እንግዶችሽ ደክሟቸዋል። ረጅም መንገድ ነው የመጡት አሉ።"

ቤታችን አውራ መንገድ ዳር ነው። እማዬ ስታወራ የመኪና ጡሩምባ ሁሌ ይገባባታል። አሁን ከኋላዋ ምንም የለም። ጭር ያለ ክፍል ያህል እንኳ የለም።

"እማዬ ውጪ! አሁኑኑ ከቤት ውጪ!"

ተቋረጠ።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። 

በራችን ፊት ለፊት ቆምኩ።

ጫማዎች።

በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፣ ጥንድ በጥንድ። የአዛውንት ጫማዎች ናቸው። ተረከዛቸው የተበላ፣ ማሰሪያቸው የላላ። አንደኛው ላበጠ እግር እንዲመች ጎኑ በምላጭ ተቀዷል። ሁሉም ላይ እርጥብ ቀይ አፈር አለ።

ዝናብ ከጣለ ሁለት ወር አልፎታል።

ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ጥንድ።

ቁልፌን ከተትኩ። አይዞርም። ከውስጥ ተቀርቅሯል። በሩን ደበደብኩት።

"እማዬ! ክፈቺልኝ!"

ውስጥ ሰዎች ያወሩ ነበር። ዝም አሉ።

"ማነው?" አለች እናቴ፣ ከበሩ ጀርባ።

"እኔ ነኝ!"

"እኔ ማን?"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ! ልጅሽ!"

ሹክሹክታ ሰማሁ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ ተለወጠ። ፈርታለች። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ፈርታ ሰምቻት አላውቅም... የፈራችው ደግሞ እኔን ነው።

"ልጄ እዚህ አጠገቤ ናት" አለች። "አንቺ ማነሽ?"

"ድምፄን አታውቂውም?" እያለቀስኩ ነው። "የገዛ ድምፄን?"



ከዚያ ከእናቴ ጎን አንዲት ሴት ተናገረች። ቀስ ብላ። ለስለስ አድርጋ።

"እማዬ... አትክፈቺላት።"

የእኔ ድምፅ ነው።

"እማዬ" የሚለውን ቃል ለማሽኑ ቀድቼ አላውቅም።

ሁለተኛው መቀርቀሪያ ሲዘጋ ሰማሁት። እናቴ ናት የዘጋችው። በገዛ እጇ። ከዚያ ኮቴዋ ራቀ። ከእሷ ኮቴ ጋር ሌላ ኮቴ።

 በሩን ተደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የማየው ነገር ስላልነበረ ጫማዎቹን አየሁ። ደግሜ ቆጠርኳቸው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሥራ ሁለት ጥንድ ናቸው።

የመጨረሻው ጥቁር ነው። የሴት። የግራው ማሰሪያ መሐል ላይ ተበጥሶ ተቋጥሯል። ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ እየተቻኮልኩ፣ እኔው ነኝ የቋጠርኩት።

ቀስ ብዬ እግሬን ተመለከትኩ።

ባዶ ነው።

እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ... እርጥብ ቀይ አፈር።