አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እናቴ ትሙት፣ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

የሆነው በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር... ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ! ሌሊትን የምትፈሩ ሰዎች የጅቡቲን ሐምሌ አታውቁትም። ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ይገባል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይጠፋል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ድመት እንኳ አታዩም።

ስሜ አፀደ ነው። የፈረንሳዮች ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ማዳም ከነባሏ ከነልጆቿ ሙቀቱን ሸሽታ አገሯ ሄዳለች። እስከ መስከረም ግቢው የእኔና የዘበኛው ነው። ዘበኛው አባባ ኢስማኤል ይባላሉ። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ስለሠሩ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል።

እኔ ሥራ አልፈራም። ምላሴም አያርፍም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር... ታናሽ እህቴ እንቁ እንዳትመጣ።

እንቁ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኮምቦልቻ። አጭር ናት፣ ስታቅፈኝ ሁሌ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ ነው። "እኔም መጥቼ ልሥራ" እያለች በየቀኑ ትጨቀጭቀኛለች። የሰው ቤት ምን እንደሆነ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ፤ እሷ እንድታየው አልፈልግም። "የልብስ ስፌት ማሽን እገዛልሻለሁ፣ እስከ መስከረም ጠብቂኝ" ብዬ ቃል አስገባኋት።

ግን ማሽኑን በምን ልግዛው? ደሞዜ ቤተሰቤን አብልቶ ያልቃል።

መላውን ያመጣው ከይረዲን ነው። የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ወደብ ላይ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። አንድ አርብ ምኒልክ አደባባይ ሻይ ጋበዘኝና ላፕቶፑን ከፈተ።

"ዕቃ አትሸጪም፣ አትልኪም። ዕቃ ታሞግሻለሽ፣ በቃ።"

"እንዴት ሆኖ?"

"የማዳምሽን ዕቃ ፎቶ አንሺልኝ። ማንቆርቆሪያውን፣ ካውያውን፣ ጁስ መፍጫውን። ጥሩነቱን ንገሪኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ዌብሳይታችን ላይ እጽፈዋለሁ። ከሥሩ ወደ አንድ የውጭ አገር የኢንተርኔት ሱቅ የሚወስድ ሊንክ አለ። ሰው በሊንኩ ገብቶ ከገዛ፣ ሱቁ ኮሚሽን ይከፍለናል።"

"ገብቶ ሌላ ነገር ቢገዛስ?"

"እሱም ይታሰብልናል። ምን እንደገዛ ታያለሽ። ማን እንደገዛ ግን አይነግሩሽም።"

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝር ያለ ሰው የለም። ከይረዲንን "ሻይህን አስከፍልሃለሁ" እያልኩ ስሰድበው ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወጥ ቤት ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት...

የተሸጠ ዕቃ፦ አንድ።

የአንድ ሰው ፍራሽ ልብስ፣ ነጭ።

ብቻዬን እልል አልኩ!

በማግስቱ፣ ስምንት ሰዓት። የሴት ነጠላ ጫማ፣ ሰማያዊ፣ ቁጥር ሠላሳ ሰባት።

"የእንቁ ቁጥር!" ብዬ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት። የሥራ ሽርጥ፣ ሰማያዊ፣ ትንሹ ቁጥር።

በአራተኛው ቀን...

አንድ ሳህን። አንድ ኩባያ። አንድ ማንኪያ።

ሳቄ ጠፋ።

ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። የሰው ቤት የሠራን ሴቶች ግን እናውቀዋለን። ከቤተሰቡ ዕቃ ጋር የማይደባለቅ፣ ለብቻው የሚታጠብ፣ የሠራተኛዋ ብቻ የሆነ ዕቃ ነው። የኔም እዚያው ከማጠቢያው ሥር ነበር።

አንድ ሰው ለሠራተኛ ክፍል እያዘጋጀ ነው፤ ትንሽ እግር ላላት፣ ትንሽ ልጅ።

በአምስተኛው ቀን ስምንት ሰዓት እስኪሞላ ስልኩን አፍጥጬ ጠበቅሁ። መጣ። የበር መቀርቀሪያ፣ ከነቁልፉ። ሥዕሉን ከፍቼ አየሁት። ከውጭ የሚገጠም ነው።

ከይረዲን ጋ ደወልኩ።

"ሠራተኛ ቀጥሮ ይሆናላ! ምን አገባሽ አቦ? ኮሚሽንሽን ብዪ!"

"ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ? እስቲ ወደ ዌብሳይታችን ከየት እንደሚገባ እይልኝ።"

 የላፕቶፑን ቁልፍ ሲመታ ይሰማኛል።

"አፀደ..." ድምፁ ዝቅ አለ። "ከጅቡቲ ነው።"

"ሱቁ እዚህ አገር አያደርስም ብለኸኝ የለ?"

"አያደርስም። ደግሞ... የኢንተርኔቱ ቁጥር አንቺ ስትገቢ የሚያሳየኝ ራሱ ነው። ከእናንተ ቤት ነው።"

"ምን?"

"ራስሽ ነሽ እንዴ የምትገዢው? በራስ ሊንክ መግዛት ክልክል ነው፣ ይዘጉብናል እኮ!"

"በየት ካርዴ? አንተ ነህ የምትጫወትብኝ!"

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እኔ እሱን ጠረጠርኩ፣ እሱ እኔን ጠረጠረ።

በቀጥታ በሩ ጋ ወደተቀመጡት ሰውዬ ሄድኩ። ጉንጫቸው በጫት ተወጥሯል።

"አባባ ኢስማኤል፣ ፎቁ ላይ ሰው አለ እንዴ?"

"ካንቺ በቀር ማን አለ?"

"እኔ ታች ነኝ።"

"ስምንት ሰዓት ሲሆን በላይኛው መስኮት ቆመሽ የምታዪኝ አንቺ አይደለሽ?" ሳቁ። "ብጠራሽ አትመልሺ... ዛሬስ ኮራሽብን እላለሁ።"

ስምንት ሰዓት ላይ እኔ ወጥ ቤት ነኝ። ሁልጊዜ!

የላይኛው መስኮት የእንግዳ ክፍል ነው። ማዳም ቆልፋው ነው የሄደችው። ወጣሁ። አንኳኳሁ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም የለም። ከውጭ የተገጠመ መቀርቀሪያም የለበትም። በእጄ ዳብሼ ነው ያረጋገጥኩት፣ ባዶ እንጨት ነው።

ማታ እንቁ ጋ ደወልኩ። አታነሳም። በማግስቱም አታነሳም። ማሽኑ ስለዘገየ አኩርፋ ነው ብዬ ተናደድኩባት። አሁን ሳስበው፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው።

በሦስተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። ሰዓቱን መናገር አያስፈልገኝም። እንቁ ነች፣ በኢሞ ጽፋልኛለች።

"እታለም፣ አሁንም ተቆጥተሻል?"

"የት ጠፍተሽ ነው አንቺ?" ብዬ ጻፍኩ።

"እንዴት የት ትይኛለሽ? እዚሁ ነኛ። በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ..."

በእጄ የያዝኩት አንሶላ አሸዋው ላይ ወደቀ።

"ትናንት ካስገባሽኝ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ሳህኑን አስቀምጠሽ ትወጫለሽ። ሳልነግርሽ ስለመጣሁ ነው? ይቅርታ በቃ።"

ፎቶ ላከች። ጠባብ አልጋ፣ ነጭ ፍራሽ ልብስ። ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሰማያዊ ሽርጥ። መሬት ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ። ከታች ደግሞ የራሷ እግሮች፣ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አድርጋ።

ከዕቃዎቹ ፎቶው ላይ ያልነበረ አንድ ብቻ ነው።

"እንቁ፣ በሩን ክፈቺው።"

"ለምን?"

"ክፈቺው ብያለሁ!"

ጠበቅሁ... ጠበቅሁ...

"እታለም... አይከፈትም።"

"በመስኮት ምን ይታይሻል?"

"ግቢ። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተኝተዋል። ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት ሴት ስልክ ይዛ..."

ቀና አልኩ። የላይኛው መስኮት ላይ መጋረጃው ብቻ ነው ያለው።

"አንቺ ነሽ! እታለም፣ አየሁሽ! ግን..."

"ግን ምን?"

"አንቺ ግቢ ከሆንሽ... በሩ ጋ ቆማ የምትተነፍሰው ማናት?"

እንዴት ደረጃውን እንደወጣሁ አላውቅም። "አባባ ኢስማኤል! ድረሱልኝ!" እያልኩ ስጮህ ሰውዬው ብረት ይዘው ተከተሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። በሩ ላይ ግን መቀርቀሪያ አለ። አዲስ ነው፣ ከነቁልፉ፣ ከውጭ። ሥዕሉን ያየሁት ያው ራሱ!

አባባ ኢስማኤል ሰብረው ከፈቱት።

አልጋው አለ። ሽርጡ አለ። ሳህኑ ላይ ተበልቶ የተረፈ ሩዝ አለ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ። እንቁ ግን የለችም። መስኮቱ ከውስጥ እንደተዘጋ ነው።

እስከ ዛሬ የለችም።

ከኮምቦልቻ ጭኖ ያመጣት የከባድ መኪና ሾፌር ሽብሩ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። "በስምንት ሰዓት በሩ ጋ አወረድኳት" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጠቆመ። "ወጥታ ያስገባቻት እሷ ነች። ሰላም ብላት አልመለሰችልኝም።" አባባ ኢስማኤልም ያን ሰዓት ተኝተው ነበር፣ ምን ብለው ይመስክሩልኝ? ሦስት ሳምንት እስር ቤት ከረምኩ። ማስረጃ ጠፍቶ ለቀቁኝ። ከይረዲን እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም፤ ሰው ምን ብሎ ይፈርድበታል!

ኮሚሽኑ ግን ገባ፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ አራት በመቶ። እህቴ የተቆለፈባት ቁልፍ ሲሸጥ እኔ ድርሻዬ ታስቦልኛል። ይሄን ይዤ ነው የምተኛው።

ለፖሊስ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ብነግራቸው ወደ እብድ ቤት ይወስዱኝ ነበር።

ያን ቀን አባባ ኢስማኤል ሰው ሊጠሩ ሲወርዱ፣ ክፍሉ መሃል ብቻዬን ቀረሁ። ስልኬ ጮኸ።

"እታለም፣ ከፈትሽልኝ! ተመስገን!"

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም።

"ለምን አታዪኝም? ፊትሽ እኮ ነው የቆምኩት።"

ወደ ታች አየሁ...

ሰማያዊው ነጠላ ጫማ ስንገባ አልጋው ሥር ነበር። አሁን እግሬ ፊት ነው። ባዶውን። ጫፉ የጫማዬን ጫፍ ነክቶታል።

አልተንቀሳቀስኩም። አልጮህኩም። "እንቁዬ..." ብቻ አልኩ፣ በሹክሹክታ።

የጫማው ተረከዝ ቀስ ብሎ ከመሬት ተነሳ... ሁለቱም፣ እኩል... አጭር ሰው ለማቀፍ በእግሩ ጣት ሲንጠራራ እንደሚያደርገው።