ፍሪሲዮኑ የእሱ፣ ማርሹ የእሳቸው

አውሎ ነፋሱ ሜዳውን ጠራርጎ ሲመጣ ፒክአፗ ገና የመጀመሪያውን የአሸዋ ክምር እየወጣች ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ የአስተማሪው ሚስት ጉልበቷን ሆዷ ላይ አጥፋ ታቃስታለች። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል፤ ቀዶ ሐኪም ያለው ደግሞ ከበረሃው ማዶ፣ ከገደሉ ሥር ነው። ዛሬ ካልደረሰች አትተርፍም።

አስተማሪው መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ዔሊ መንገድ ስትሻገር አቁሞ የሚጠብቅ ለስላሳ ሰው ነው። አንድ አመል ግን አለው፦ ተማሪ ኖረም አልኖረም፣ እጅና እግሩ የሚሠራውን አፉ ያወራዋል። ከጎኑ የተቀመጡት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ይህን ወሬ ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ ሲሰሙ ጆሯቸው ደንቁሯል።

«ሁለተኛ ማርሽ፤ ነዳጅ ሳይቋረጥ፤ አሸዋ ላይ ፍሪሲዮን አይነካም፣ ከተነካ ቆመን ቀረን...»

«አፍህን ዝጋና ንዳ!» አሉ አማቱ። «አቧራውን በልተህ ልትጨርሰው ነው እንዴ?»

ነፋሱ በሩን ደበደበ፤ ጠጠር መስታወቱን ጫረው። ጎማዎቹ ሰመጡ፣ ተንሸራተቱ፣ እንደገና ነከሱ። አስተማሪው ማርሽ ሊቀይር እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። በዚያው በሁለተኛ እየተንፏቀቁ ወጡ።

ደረቁ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ጎሾች ጠበቋቸው። መንጋው ግራና ቀኝ ሸሸ፤ አንድ ኮርማ ግን አልሸሸም። አንገቱን ደፍቶ መጣና ፊት ለፊት ገጫቸው። መብራቱ ረገፈ፣ ኮፈኑ ተጣመመ፣ ሚስትየው ከወንበሩ ወደቀች። «ፍሪሲዮን! የኋላ ማርሽ! ልቀቅ!» እያለ አስተማሪው በራሱ ላይ ጮኸና መኪናዋን ወደ ኋላ አስፈነጠራት። ኮርማው ዳግም ሲመጣ መሪውን ጠምዝዞ በጎኑ አለፈው፤ ቀንዱ የአማቱን በር ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። አማቱ የተቀደደውን ብረት አዩ፣ ክንዳቸውንም አዩ፤ ክንዳቸው በቦታው ነበር።

«ደህና ነዎት እማማ?»

«እኔን ተወኝ፤ ንዳ!»

ከገደሉ አፍ ላይ መንገዱ በሁለት ቋጥኞች መሃል ይጠብባል። እዚያ የእሾህ ክምር ተዘርግቶ ነበር። አስተማሪው አቆመ። ስህተቱ ይህ ነው፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ለተማሪ «ስትጠራጠር ቁም» ሲል የኖረ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ተኩሱ ወዲያው መጣ። ጥይቱ መስታወቱን ሰንጥቆ የቀኝ ክርኑን አደቀቀው። እግሩ ከፍሪሲዮኑ ላይ ተንሸራተተ፣ መኪናዋ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ሦስት ዘራፊዎች ከቋጥኙ ወረዱ። አንዱ የአማቱን በር በርግዶ ሻሻቸውን ጨመደደ። አማቱ ከእግራቸው ሥር የጎማ መፍቻውን አንስተው አፉ ላይ አሳረፉበት፤ ደሙ ፊታቸው ላይ ተረጨ፣ እሱም እንደ ጆንያ ወደቀ። ሁለተኛው ከኋላ መጫኛው ላይ ዘሎ ወጥቶ የኋላውን መስታወት በመጥረቢያ ይከተክት ጀመር፤ ስብርባሪው ሚስትየው ላይ ዘነበ። ሦስተኛው፣ ተኳሹ፣ ከፊት ለፊት ቆሞ ጠመንጃውን ሊያጎርስ ሲጣደፍ የገዛ እሾኹ ልብሱን ያዘውና ተዘረረ።

«እማማ፣ ቁልፉን ያዙሩ! እጄ አይሠራም!»

አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ።

«ፍሪሲዮኑን ረግጬዋለሁ፤ እስክለቀው አትንቀሳቀስም። ማርሹን ወደ መሃል ይመልሱት፣ ወደ እኔ ይግፉት፣ ከዚያ ወደ ፊት!»

አማቱ ማርሹን ጨበጡ። ከመኪናዋ ፊት የተዘረረው ተኳሽ ጠመንጃውን ጥሎ እጁን ዘረጋ። «እናቴ፣ አይግደሉኝ!» አላቸው። አማቱ አዩት። ከኋላ መጥረቢያው እንደገና ወረደ፣ ልጃቸው ጮኸች። ማርሹን አስገቡት። አስተማሪውም ሰውዬውን አየው፤ እያየውም እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ አነሳ።

መኪናዋ መጀመሪያ ከፊት ተነሳች፣ ከዚያ ከኋላ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

ቁልቁለቱ ወዲያው ጀመረ። ባለመጥረቢያው አሁንም ከኋላ ነው፤ በተሰበረው መስታወት እጁን ሰዶ የሚስትየውን ፀጉር ይዟል።

«ሁለተኛ! ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ! አሁን ሦስተኛ!»

ፒክአፗ በረረች። በግራ ገደል፣ በቀኝ ድንጋይ። መጠምዘዣው እየቀረበ አስተማሪው ፍሬን አልያዘም።

«ወደ ሁለተኛ ይመልሱት፤ አጥብቀው ይያዙ!»

ተማሪ ቢሠራው ከመኪና የሚያስወርድበትን ነገር ሠራ፤ ነዳጅ ሳይሰጥ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቀው። ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ አጓራ፣ የኋላ ጎማዎቹ ተያዙ፣ መኪናዋ ባለችበት ታነቀች። ባለመጥረቢያው ከጋቢናው ጋር ተላትሞ ወደ ገደሉ ተወረወረ። ጭብጥ ሙሉ ፀጉር ይዞ ሄደ፤ ጩኸቱም ቶሎ አላለቀም።

የቀረውን ቁልቁለት አንድ ጎማ በእሾኹ ተበስቶ በቸርኬው ብረት እየተፋጩ ወረዱ። አስተማሪው እየነጣ ሄደ፣ ድምፁም ጠፋ። አሁን የሚናገሩት አማቱ ነበሩ።

«ፍሪሲዮን ርገጥ! አስገብቻለሁ! ቀስ ብለህ ልቀቅ! እንዳትተኛብኝ አንተ ሰው፣ እንዳትተኛ!»

እግሩ ብቻ ይታዘዝ ነበር። የሆስፒታሉን ግቢ በር ገጭተው ገቡ።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስትየው ዓይኗን ገለጠች፤ ትተርፋለች ተባለ። አስተማሪው ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆርጦ ከጎኗ ባለው ክፍል ተኝቷል። አማቱ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ እያለቀሰ አገኙት።

«ክንድህ ነው?»

«አይደለም። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ነበር እማማ። እያየሁት እግሬን አነሳሁ።»

 እጅጌያቸው ላይ የደረቀውን ደም ገና አላጠቡትም።

«ማርሹን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እናቴ እያለኝ ነው ያስገባሁት። ያንተ እግር የተነሳው እኔ ከጨረስኩ በኋላ ነው።»

«እኔ ባላነሳው ኖሮ...»

«ልጄ ትሞት ነበር። እሷ እንዳትሰማ። ይሄ የእኔና ያንተ ነው።»

የቀረችውን እጁን ስበው ጉልበታቸው ላይ አደረጓት። ነርሷ መጥታ «ልጅዎ ትጠራዎታለች» እስክትል ድረስ አለቀቋትም።