የአንዲት ሰዓት ሠራተኛ

አጣሪው የተገኘው በስታቲስቲክስ ቢሮው የኋላ ደረጃ ሥር ነው። አንድ ጫማው ከላይኛው እርከን ቀርቶ፣ እሱ ከታች በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ስለሆነ «ዛሬ ደግሞ ማነው በአንድ እግሩ ወደ ቤቱ የሄደው?» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ዝቅ ብላ ስታይ ባልዲው ከእጇ ወደቀ።

የሟቹ ሥራ ሰው የሚወደው ዓይነት አልነበረም። ቆጣሪዎች በየቤቱ ዞረው ማን ሥራ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ጠይቀው ሲመለሱ፣ እሱ ከኋላቸው ተነሥቶ ጥቂቶቹን ቤቶች እንደገና ያንኳኳል። «በእርግጥ ጠይቀዋችኋል? ምን ብላችሁ መለሳችሁ?» ይላል። አማት እንኳ እንደዚህ አታጣራም። ይሁን እንጂ ክፉ ሰው ነበር የሚል አንድም አልተገኘም።

ፖሊሶቹ ብዙ አልደከሙም። ትናንት ማምሻውን አንድ ሥራ ያጣ ግንበኛ ከቢሮው አጥር በር ላይ ቆሞ «ሥራ አለህ አለኝ! ውጣና ሥራዬን አሳየኝ፣ አለዚያ ጭንቅላትህን ነው የምፈጠፍጠው!» እያለ ሲጮኽ ዘበኛው ሰምቷል። የሟቹ ጭንቅላት ደግሞ ተፈጥፍጦ ተገኘ። ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈልጋል? አጥር ዘሎ ገብቶ ነው ተባለና ግንበኛው ቁርሱን ሳይቀምስ ታሰረ። ቁርስ ነበረው ከተባለ ነው እንጂ።

የመውለጃዋ ወር የገባ ሚስቱ ተከትላው መጥታ ከጣቢያው በር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሂጂ ቢሏት እንቢ አለች። «ይሄ ልጅ አባቱ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ከሚወለድ እዚሁ ከእኔ ጋር ይቅር» አለች። ከዚያ በኋላ ሂጂ የሚላት ጠፋ።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተሯ ተመራ። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ እህ» ይሏታል። ጥያቄ አታበዛም፤ «እህ?» ትልና ትጠብቃለች። ዝምታ የማይችል ሰው ያኔ የሆዱን ዘርግፎ ይሰጣታል። ባሏ እራት ላይ አፉን ሞልቶ መጉረስ የለመደው ላለመናገር ነው ይባላል።

መጀመሪያ ግንበኛውን አስጠራችው።

«ለምን ጮኽክበት?»

«ምን ላድርግ እመቤቴ? ትናንት ከሰዓት ቤቴ መጣ። ጨዋ ሰው ነበር፣ አልዋሽም። ‹ባለፉት ሰባት ቀናት ሥራ ሠርተሃል?› አለኝ። የለም አልኩት። ‹አንዲት ሰዓትም ብትሆን? ክፍያው በዕቃም ቢሆን?› አለኝ። እኔም ሞኙ እውነት ተናገርኩ። አንዲት ሰዓት ሠርቻለሁ አልኩት። ‹እንግዲያው በእኛ አቆጣጠር ሥራ አለህ› አይለኝም!»

«ሥራው ምን ነበር?»

ግንበኛው አንገቱን ደፋ።

«እህ?»

«ይቅርብዎ። ሚስቴ በር ላይ ናት።»

ኢንስፔክተሯ ሰው ላይ ተጭና መጠየቅ ታውቅበታለች፤ እዚህ ግን ተወችው። ተነሥታ ወደ ቢሮው ሄደች።

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አቅፋ ደረጃው አጠገብ ቆማ ነበር። «የኋላውን በር ለፖሊሶቹ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ከኃላፊው ተቀብዬ» አለች።

«ተቆልፎ ነበር?»

«ጥርቅም ብሎ። የፊቱንም ዘበኛው ገና ሲመሽ ቆልፎታል።»

ያን ቁልፍ የያዙት አራት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሟቹ ነው፤ የእሱ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። የቀሩት ኃላፊው፣ የመረጃ አጠናቃሪዋና በግንበኛው ሰፈር የተመደበው ቆጣሪ ናቸው።

ኃላፊው ከረባቱን እያጠበቀ ተቀበላት። «ታላቅ ሐዘን ነው። በዚያ ላይ የክልሉ የሥራ አጥ ቁጥር በዚህ ሳምንት መነበብ አለበት። ዘንድሮ መውረድ አለበት… ማለቴ ወርዷል።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ስብሰባ።»

«እህ?»

ኃላፊው ከረባቱን መልሶ አላላ። «ልብስ ሰፊ ቤት። ቁጥሩን የማነብበትን ሱፍ ስለካ ነበር። ሰው ሞቶ ሳለ እንዲህ ማለት አስቀያሚ ስለሆነ ነው።» ልብስ ሰፊው ሲጠየቅ አረጋገጠ፤ ወገቡን ሁለቴ እንደለካም ጨመረ፤ ኃላፊው የመጀመሪያውን ልክ አላመነበትም ነበርና።

አጠናቃሪዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደረቅ ሴት ናት። «ተጣልተናል፣ አልደብቅሽም» አለች። «ሥራ አጥ ለመባል ሦስት ነገር መሟላት አለበት፤ ሥራ አለመሥራት፣ ሥራ መፈለግ፣ ሲገኝም ለመጀመር ዝግጁ መሆን። ፍለጋ የሰለቸው ሰው ከቁጥሩ ይወጣል። እሱ ‹ተስፋ የቆረጡትን ለብቻ አውጪልኝ› ይለኛል። እኔ ደግሞ ተስፋ የምጽፍበት ሳጥን የለኝም አልኩት። ጠባችን ይኸው ነው።»

«ለአንድ ግንበኛ ይህን ያህል መድከም ምንድነው?»

«አንድ ግንበኛ?» አጠናቃሪዋ እንደ መሳቅ አለች። «የክልሉን ሰው ሁሉ እኮ አንጠይቅም። በዕጣ የወጣ አንድ ቤት ለብዙ መቶ ቤት ይመሰክራል። እሱ ሥራ አለኝ ካለ ከኋላው ብዙ መቶ ሰው ሥራ አገኘ ማለት ነው። አንድ ቤት በሐሰት ከተሞላም ብዙ መቶ ቤት ዋሸ።»

«ማታስ የት ነበርሽ?»

«እናቴ ሆስፒታል ናት። እዚያው ነው የማድረው። ነርሶቹን አሰልችቻቸዋለሁ፣ ጠይቂያቸው።» ተጠየቁ፤ እውነትም አሰልችታቸዋለች።

የቀረው ቆጣሪው ነው። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ሬሳው ሲነሣ ራሱን ሊስት የደረሰው እሱ ነበር አሉ።

«ጋሼ አባቴ ማለት ነው፣ እትዬ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ትናንት ራሴን አሞኝ እኩለ ቀን ላይ ቤቴ ገባሁ እንጂ፣ ብኖር አብሬው እወጣ ነበር።»

«ግንበኛውን ታውቀዋለህ?»

«ሰፈሩን ስዞር ጠይቄዋለሁ። ሁለት ሳምንት አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን አልረገጥኩም። ያኔ ‹ሥራ የለኝም፣ እየፈለግሁ ነው፣ ባገኝ ዛሬውኑ እጀምራለሁ› አለኝ።»

«ይህ የአንዲት ሰዓት ነገር ግን አልገባኝም። እኔ ቶሎ የሚገባኝ ሴት አይደለሁም።»

የቆጣሪው ፊት በራ። ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው፤ ሥልጠና ላይ ጥቁር ሰሌዳውን ከአሠልጣኙ የሚቀማ ዓይነት። «ቀላል እኮ ነው እትዬ! ክፍያ ይኑረው እንጂ ሥራ ሥራ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው መቃብር በሲሚንቶ ይለስን። አንዲት ሰዓት ብቻ። ዋጋውም ግማሽ ጆንያ ከሰል ይሁን። በቃ፣ ሠራተኛ ነው! ትርጉሙ አያለቅስም።»

«እህ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ በዚህኛው ግን የጥያቄ ድምፅ አልነበረበትም።

ከዚያ ወደ ግንበኛው ሰፈር በእግሯ ወረደች። ሳምንቱን ሙሉ ሲወርድ የከረመው ዝናብ ያባራው ትናንት ማምሻውን ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ቆጣሪዎች ጠይቀው የጨረሱትን ቤት በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጽፉበታል። በላይኛው መንገድ፣ ሌላ ቆጣሪ በዞረበት፣ ቁጥሮቹ በዝናብ ታጥበው ጥላቸው ብቻ ቀርቷል። በግንበኛው መንገድ ያሉት ግን ዛሬ የተጻፉ ይመስል ነጭ ናቸው። በጣቷ ብትነካቸው ዱቄቱ ቀረባት።

«ይህን ማን ጻፈው?» አለቻት ልብስ የምታሰጣ አንዲትን ሴት።

«እኔንም ገርሞኛል። ማታ በሬን ስዘጋ አልነበረም፣ ጠዋት ስከፍት አለ። ዕዳ ነው ወይስ በረከት?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ጣቢያው ተመለሰችና ከግንበኛው ጋር በሩን ዘግታ ተቀመጠች።

«መቃብር ነው የለሰንከው፤ አይደለም?»

ግንበኛው ደነገጠ። «ማን ነገረዎት?»

«እህ?»

ግንበኛው መዳፎቹን እያየ ተናገረ። «ጎረቤታችን የነበረች ናት። ባል የላትም። የሞተው ሕፃኗ ነው፤ ከሞተ አምስት ቀን ቢሆነው ነው። ‹አገሬ ልገባ ነው፣ ውሻ እንዳይቆፍርብኝ ድፈንልኝ› አለችኝ። የቀረ ሲሚንቶ ነበረኝ፣ ለሰንኩላት። ያላት ግማሽ ጆንያ ከሰል ብቻ ነበር። አልቀበልም ብላት አለቀሰች። በዚያው ቀን ሄደች።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለሟቹ ብቻ። የነገርከኝ ከቢሯችን አይወጣም ብሎ ማለልኝ። ለሚስቴ ከሰሉን በዱቤ አመጣሁት ነው ያልኳት። ወሯ ገብቷል እኮ። የሕፃን መቃብር በለሰንኩበት እጄ ሆድሽን ነካሁ ልበላት?»

«ነገ ሰው ፊት ልናገረው ነው። ሌላ መንገድ የለኝም።»

ግንበኛው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እንቢ ግን አላለም።

በማግስቱ ሁሉም በቢሮው የስብሰባ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ኃላፊው ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠ፤ ወንበር መልቀቅ ጤና ይነሣዋል። አጠናቃሪዋና ቆጣሪው ጎን ለጎን ናቸው። ግንበኛው በካቴና መጣ፤ ሚስቱ ከበሩ አጠገብ ወንበር ተሰጣት።

«ከደረጃው እንጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «የሟቹ ጫማ ከላይ ቀርቷል፣ የወደቀውም በጀርባው ነው። ከፊቱ ከቆመ፣ ከሚያነጋግረው ሰው ነው የተገፋው። ከዚያ በሩ ተቆልፎ ተገኘ። አጥር የዘለለ ሰው ቁልፍ ሳይኖረው በር ቆልፎ አይወጣም። ስለዚህ ግንበኛው አይደለም።»

የግንበኛው ሚስት ትንፋሿን ስትለቀው አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

«ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው። ኃላፊው ወገባቸውን ሲያስለኩ ነበር።» ኃላፊው አቀረቀረ። «አጠናቃሪዋ እናቷ ዘንድ አድራለች። ሦስተኛው ራሴን አሞኝ ቤቴ ነበርኩ ይላል።»

«አሞኝ ነበር!» አለ ቆጣሪው።

«ሰፈሩን በሁለት ሳምንት ውስጥ አልረገጥክም፤ አይደል?»

«አልረገጥኩም።»

«ታዲያ የበሮቹ ጠመኔ ዝናብ ያልነካው ለምንድነው? ዝናቡ ያባራው አጣሪው በተገፋበት ምሽት ነው። ሴትዮዋም ማታ ያልነበረ ጠዋት አገኘሁ ትላለች። ዞርኩ ባልክበት ጊዜ አልዞርክም። ቤትህ ተቀምጠህ ከራስህ እያወጣህ ሞላኸው። የግንበኛውን መልስ ስትነግረኝም ሦስቱን የትርጉም መስፈርት በተራ ደረደርክልኝ። ሥራ ያጣ ሰው እንደዚያ አይናገርም፤ ያማርራል፣ ይዋሻል፣ ያፍራል።»

አጠናቃሪዋ መነጽሯን አውልቃ ቆጣሪውን አየችው። «ብዙ መቶ ቤት» አለች በቀስታ።

«ማጭበርበር ነው እንጂ መግደል አይደለም!» አለ ቆጣሪው። «ጠመኔውን ጠዋት ጻፍኩት፣ እሺ! ጋሼ መሞቱን ስሰማ ፈርቼ…»

«ይሁን። ወደ ሁለተኛው እንሂድ።» ኢንስፔክተሯ ወደ ግንበኛው ዞረች። እሱ ሚስቱን ሳያይ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ሰው የሠራት አንዲት ሰዓት የሕፃን መቃብር በመለሰን ነው። ዋጋዋ ግማሽ ጆንያ ከሰል ነበር። ሕፃኑ የሞተው በዚሁ ሳምንት ነው። እናቱ በዚያው ቀን አገሯ ገብታለች። ግንበኛው የነገረው ለአጣሪው ብቻ ነው፤ እሱም በተገፋበት ቀን ከሰዓት በኋላ። አንተ ግን ሳልጠይቅህ መቃብሩንም፣ ሲሚንቶውንም፣ ግማሽ ጆንያውንም ለምሳሌ ብለህ አስተማርከኝ። እኩለ ቀን ላይ ቤትህ ከገባህ ማን ነገረህ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«እህ?»

«‹ግንበኛውን ሄጄ ጠየቅኩት፤ ቆጣሪ መጥቶብኝ አያውቅም አለ› አለኝ» አለ ቆጣሪው በመጨረሻ። «አስጠርቶኝ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ቆመን። ‹አንተ በሩን አላንኳኳህም። ይህን መቃብር ከጭንቅላትህ ታወጣው ነበር?› አለኝ። ነገ ሪፖርት አደርጋለሁ አለ። ከዚህ ሥራ ብባረር ማን ይቀጥረኛል? ስንት ሥራ አጥ እንዳለ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ሐኪሙ እስከ ንጋት ድረስ በሕይወት ነበር ይላል።»

ቆጣሪው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። «ሲተነፍስ ሰምቻለሁ» አለ። «ጠመኔዬን ይዤ ስወጣ ሰምቻለሁ።»

ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው ሲያወጡት፣ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራረገና «አሁን ይሄ ልጅ… ከሥራ አጡ ነው የሚቆጠረው?» ብሎ ጠየቀ። የሚለው ጠፍቶት መሆን አለበት።

«ከየትኛውም አይደለም» አለች አጠናቃሪዋ። «እስር ቤት ያለ ሰው ጭራሽ አይጠየቅም።»

የግንበኛው ካቴና ተፈታ። ካቴናው ሰንበር ያወጣበትን የእጁን አንጓ እያሸ ወደ በሩ ሄደና ከሚስቱ ራቅ ብሎ ቆመ፤ እጆቹን ከኋላው ደበቀ። እሷ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች።

«ሕፃኑን አየኸው?» አለችው።

«አላየሁም። ከላይ ብቻ ነው የለሰንኩት።»

«በደንብ ለሰንከው?»

«በደንብ። ምንም አይገባበትም።»

ሴትዮዋ እጇን ከጀርባው አዙራ አንድ እጁን ፈልጋ ያዘችና ሆዷ ላይ አስቀመጠችው።

«ና፣ ቤታችን እንሂድ» አለችው።