የናሙናው ከረጢት

የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቺፕ ማከማቻውን በር ስትከፍት የግዥ ኃላፊውን ወለሉ ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። ቁስል የለም፤ ደም የለም፤ መነጽሩ እንኳ አልተሰበረም። ጎትታ አወጣችው፤ ሰውነቱ ግን ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

የኮምፒውተር መገጣጠሚያው ባለቤት ታላቅ እህቱ ናት። መርዶው የደረሳት የቺፕ አቅራቢው ወኪል የአምስት ዓመት ውል ፊቷ ዘርግቶ ብዕር ሲያቀብላት ነበር። ውሉ «ከእኛ በቀር ከማንም ቺፕ አትገዙም» ይላል። ወንድሟ ይህን ውል አምርሮ ይጠላው ነበር። አምና የአቅራቢው ጭነት ዘግይቶ ሠራተኛው ሁለት ወር እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ወዲህ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ አንቺ ግን ታንኮራፊያለሽ» እያለ ሲያበሽቃት ከርሟል። በመጨረሻ ከሌላ አቅራቢ ሁለት ከረጢት ናሙና አስመጣ። የመጀመሪያው ከረጢት ዓርብ ዕለት ሲፈተሽ ቺፖቹ በብየዳው ምድጃ ውስጥ ተሰነጣጠቁ። ፈታሹ ጋሼ ስለሆኑ ነገሩ እዚያው አበቃ። ጋሼ ከአባቷ ጋር ይህን ቤት ያቆሙ፣ ቺፖቹ የሚበየዱበትን ቦርድ ንድፍ የሠሩ፣ አባት ሲሞት ሁለቱን ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጋሼ ያሉትን የሚጠራጠር በዚያ ቤት የለም።

የመጣው መርማሪ ጡረታ የቀረበው ወፍራም ሰው ነው። «ቀስ በሉ» የሚለው ቃል ከአፉ ስለማይጠፋ ባልደረቦቹ በዚያው ይጠሩታል። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው፤ አያፍርበትም።

«ይህ ሲሊንደር ምንድን ነው?»

«ናይትሮጅን» አለች የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ። «ቺፕ እርጥበት አይወድም። ከረጢቱ ከተከፈተ በዚህ ሣጥን ነው የምናስቀምጠው፤ በቱቦው የሚገባው ጋዝ ያደርቀዋል። ዛሬ ግን ቱቦው ወልቆ፣ ሲሊንደሩም ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ጋዙ ሌሊቱን በበሩ ሥር ወጥቶ አልቋል።»

«ይሸታል?»

«ምንም። ክፍሉን ከሞላ ሰው ሁለቴ ተንፍሶ ሳያውቀው ይወድቃል። ግድግዳው ላይ አየሩ ሲበከል የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ የተሰቀለው ለዚያ ነው።»

«ትናንት ማን አምሽቶ ነበር?»

«እሱ፣ ጋሼና ወኪሉ። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። እሱ ‹አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ከረጢት ይዤ ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ወኪሉ ላብ በላብ ሆኖ «እኔ ቢሮ ተቀምጬ ውሉን ሳስተካክል ነበር። የዚያ ክፍል በር በየት በኩል እንደሆነም አላውቅ» አለ።

የጋሼ ዓይን በለቅሶ ቀልቷል። «አደጋ ነው። ቱቦው አርጅቷል፤ ቀይሩት ብል ማን ይስማኝ። ያ ማስጠንቀቂያ ባትሪ ቢኖረው ልጄ ዛሬ በሕይወት ነበር» አሉ። እህትየዋም ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከእሳቸው ሌላ ማን ቀርቷታል?

«ዓርብ የፈተሹትን ከረጢት መቼ ከፈቱት?» ሲል መርማሪው ጋሼን ጠየቀ።

«የዚያኑ ዕለት ጠዋት። ከፍቼ በቀጥታ ወደ ብየዳ።»

«ቀስ በሉ፤ ዓርብ ጠዋት?»

«ዓርብ ጠዋት አልኩ እኮ።»

ስምንት ሰዓት ላይ መርማሪው አራቱንም ፍተሻ ክፍል ሰበሰባቸው። በመጀመሪያ አንዲት የብረት ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ቱቦውን ሣጥኑ ላይ የምታስረው ይህች ናት። ቱቦ ቢያረጅ ይቀደዳል እንጂ ብሎን አይፈታም። ይህ ብሎን በመፍቻ ተፈትቷል።»

ወኪሉ ከመቀመጫው ተነሳ። «እኔን ጠርጥረው ከሆነ—»

«ቀስ በሉ። ናሙናው ፍተሻውን ወድቋል፤ ውሉ ዛሬ ሊፈረምልዎ ነበር። ምን ጎድሎብዎት ሰው ይገድላሉ?» ከዚያ የተጣጠፈ ከረጢት አወጣ። «ይህ ከሟቹ ኪስ የተገኘ ነው። መለያው ላይ ያለው ጽሕፈት ምን ይላል?»

የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ ተቀበለችው። «ከረጢት የከፈተ ሰው ሰዓቱን ይጽፍበታል። ጋሼ ናቸው ያስተማሩን።» አነበበች፤ ድምጿ ወረደ። «‹ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት።› ጽሕፈቱ የጋሼ ነው።»

መርማሪው ወደ ጋሼ ዞረ። «ሰኞ የተከፈተ ቺፕ ከማድረቂያው ሣጥን ውጭ አራት ቀን ሙሉ እርጥበት ጠጣ። ዓርብ ምድጃ ሲገባ ውሃው ተኖ ሰነጠቀው። ናሙናው አልወደቀም፤ ጣሉት እንጂ። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ግን አፍ ሊዋሽ ሲሰናዳ እውነቱን ጻፈ። ልጁ ከረጢቱን ከቆሻሻ መሃል አግኝቶ ሲጠይቅዎ ‹ሁለተኛውን ከማከማቻው አምጣና አብረን እንፈትሽ› አሉት። እሱ ከመግባቱ በፊት ግን ቱቦውን ፈቱት። ከወደቀ በኋላ ገብተው ከረጢቱን ከኪሱ እንዳይወስዱ ግን ክፍሉ እርስዎንም ይገድል ነበር።»

«ቱቦ ማንም ይፈታል» አሉ ጋሼ።

«ልክ ነው። የማስጠንቀቂያው ባትሪ እንደወጣ ግን ክዳኑን ከፍቼ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ ጠዋት ነገሩኝ።»

«ጋሼ፣ አይደለም በሉኝ» አለች እህትየዋ።

ጋሼ ቀና ብለው አላዩዋትም። «ንድፉ የእኔ አይደለም። የአቅራቢው ሰዎች ናቸው የሠሩልኝ፤ ዋናው ፋይልም በእነሱ እጅ ነው። ሁለተኛ አቅራቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ምን ብዬ ልመልስ? አባትሽም የእኔ ሥራ እንደመሰለው ሞተ።»

ወኪሉ አንገቱን ደፋ። እሱም ያውቅ ኖሯል።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ለእህትየዋ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላት ነበር። እንባዋን ጠረገች። «ንድፍ የሚሠራ ሰው እኮ እቀጥር ነበር» አለች። «ወንድም ከየት ልቅጠር?»

ጋሼን ወሰዷቸው። ያልተፈረመውን ውል ለወኪሉ መልሳ በሩን አሳየችው። መርማሪው ኮቱን እየለበሰ ዘወር አለ።

«አንድ ነገር አልገባኝም ልጄ። ወንድምሽ ከረጢቱን እንዳገኘ ለምን አስቀድሞ ወደ አንቺ አልመጣም?»

«መጥቶ ነበር» አለች። «ትናንት፣ አሥር ሰዓት ላይ። ምን እንደያዘ እንኳ ሳላይ ‹ጋሼ አይዋሹም፤ ሂድና ራሳቸውን ጠይቅ› ብዬ ላክሁት።»