ከቆርቆሮው ጀርባ ያለው እጅ

የእትዬ ሳምሊን ጆሮ የማያውቅ ሰው በዚያ የታይላንዷ ኮን ኬን ከተማ ሰፈር አልነበረም። እሳቸው ከምግብ ቤታቸው ደጃፍ ከሰል ላይ ዶሮ ይጠብሳሉ፤ ልጃቸው ዋሪን ጓዳውን ከሚከልለው ቆርቆሮ ጀርባ በቃሪያ የሚያቃጥል የፓፓያ ሰላጣ ትወቅጣለች። የዘነዘናውን ድምፅ ብቻ ሰምተው «ሎሚ አነሰው!» ይላሉ። ሲቀመስ እውነትም አንሶት ይገኛል። እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

«ድሮ እኮ ምራት በመልክ አትመረጥም ነበር» ይላሉ ለደንበኞቻቸው። «የልጁ እናት ከደጅ ቆማ የልጅቷን አወቃቀጥ ታዳምጣለች። እጇ ከሰነፈ፣ በቃ፣ ዞር ብላ አታያትም!»

ክሪትን ግን ገና ሲያዩት አልወደዱትም። ከባንኮክ ለባቡር ሐዲድ ሥራ የመጣ ወጣት ነው። የመጀመሪያ ቀን ለምሳ ገብቶ «ቃሪያ እንዳታበዢብኝ» ሲል ቤቱ በሳቅ አውካካ። ዋሪን ብቻ አልሳቀችም። ከቆርቆሮው ጀርባ ብቅ ብላ አየችው፤ እሱም ዓይኑን ከእሷ መንቀል አቃተው። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳውን ሌላ ቦታ በልቶ አያውቅም።

እትዬ ሳምሊ ነገሩ ሲገባቸው ቱግ አሉ።

«ሐዲድ የሚዘረጋ ሰው እግሩ አይረጋም! ሥራው ሲያልቅ አንቺንም ጠቅልሎ ባንኮክ ይገባል። እኔስ? ቤቱስ? ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላየው!»

ዋሪን አለቀሰች። እናቷን ጥላ መሄድ አይሆንላትም፤ ክሪትን መተውም አልቻለችም።

በፊት በር ተከለከለ እንጂ በጓሮ ማን ከለከለው? አንድ እሑድ፣ ቤቱ በምሳ ሰው ጢም ባለበት ሰዓት፣ በኋላ በር ብቅ ሲል ዋሪን እጇን አቅፋ ተቀምጣ አገኛት። እርጥብ ወለል አንሸራትቷት አንጓዋ አብጧል።

«አራት ሰላጣ! ቶሎ በይ እንጂ!» ይጮኻሉ እናቷ ከፊት።

«ወይ ጉዴ! በምኔ ልወቅጥ?»

«ዘነዘናውን ስጪኝ።»

«አንተ? አትቀልድ!»

«ሙቀጫ ገዝቼ ስለማመድ ነው የከረምኩት። አከራዬ ‹ቤቴን ልታፈርሰው ነው?› እያለች ልታስወጣኝ ምንም አልቀራት።»

በቀኙ እየወቀጠ በግራው በማንኪያ አገላበጠ። ቃሪያው ዓይኑ ውስጥ ፈነጠቀ፤ እንባው ኮለል እያለ መውቀጡን አላቆመም። ዋሪን እየሳቀች በደህና እጇ ጠረገችለት።

እትዬ ሳምሊ ዶሮውን ማገላበጥ ትተው ጆሯቸውን አቀኑ።

«ይሄ የልጄ እጅ አይደለም። ስሙት እስቲ! አይቸኩል፣ አይሰንፍ። የማን ልጅ ትሆን? ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ዛሬውኑ ምራቴ አደርጋት ነበር!»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ክሪት የዋሪንን አበባማ ሽርጥ ታጥቆ፣ ዓይኑ ፍም መስሎ፣ ሰላጣውን ተሸክሞ ወጣ።

«አንተ!»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እትዬ ሳምሊ!» አሉ ከተመጋቢዎቹ አንዱ፣ ባለባጃጁ ጋሽ ካምፓን። «በገዛ ጆሮዎ መርጠውታል!»

ሳቁ ፈነዳ። እትዬ ሳምሊ ግን አልሳቁም። ከሰላጣው ቆንጥረው ቀመሱ።

«ጨው በዝቶበታል።»

«ያስተምሩኛላ። ባንኮክ አልመለስም፤ እዚሁ ባቡር ጣቢያ ሥራ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ዋሪንን ልወስድብዎ አይደለም የመጣሁት፣ እኔው ልጨመርልዎ ነው።»

እትዬ ሳምሊ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ልባቸው ሲራራ ፊታቸው ላይ ታየ።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ደንበኛ እየጠበቀ ነው፣ አቅርብ! እናትህንና ሽማግሌዎችህን ደግሞ ላክ፤ በወጉ ይጠይቁኝ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዋሪን ያበጠ እጇን ረስታ እየሮጠች ወጣች። ስንት ጊዜ በጓሮ በሹክሹክታ ያለችውን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እናቷ እየሰሙ፣ ጮክ ብላ ተናገረችው።

«ክሪት፣ እወድሃለሁ!»