አርባ በር፣ ሁለት ሰው

ጡረተኛው መምህር ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው የተገኙት ልጃቸው ልትወስዳቸው በመጣችበት ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣቸው ተቆልፎ አጠገባቸው ቆሟል። ሐኪሙ ብዙም አልተቸገረም፤ የእንቅልፍ ኪኒን ወስደዋል፣ ደካማ ልባቸው አልቻለም፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት አርፈዋል አለ።

ልጅቷን ያንገበገባት ሌላ ነው። «እኔ ጋ ከመምጣት ሞትን መርጦ ነው?» ብላ ከፖሊስ የመጣችውን መርማሪ ጠየቀቻት። መርማሪዋ ለማጽናናት ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችምና ቤቱን መፈተሽ ጀመረች።

ሕንፃው ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ ባዶውን ከሚዞርበት ማዶ ነው። ካሉት አርባ ቤቶች ሰው ያለው በሁለቱ ብቻ ነው፤ መምህሩና ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት ባል የሞተባቸው ልብስ ሰፊ። ኧረ እዚያስ ሰው በገዛ ሳሉ ይደነግጣል!

ልብስ ሰፊዋ ተኝተው እንደነበርና የነቁት በልጅቷ ጩኸት እንደሆነ ተናገሩ። የግቢው ዘበኛ ደግሞ ከውሃው ሞተር በቀር ምንም አልሰማሁም አለ። ሞተሩ የሚነሳው ሕንፃው ውስጥ ቧንቧ ሲከፈት ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ጥቂት ጮኾ ጠፋ። መምህሩ ፊታቸውን የሚታጠቡ መስሎት ነበር።

መርማሪዋ ወጥ ቤት ገብታ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም መምህሩ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ገና ውሃው አልደረቀም» አለች። «ራሱን ያጠፋ ሰው ከሞተ በኋላ ብርጭቆ አያጥብም። ሞተሩ ሁለት ሰዓት ላይ ሲነሳ መምህሩ ሞተው ነበር፤ ልጃቸው አልደረሰችም። ዘበኛው የሚቀዳው ግቢ ካለው ቧንቧ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም። ሰው የሞላበት ሕንፃ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። እዚህ ግን ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

ልብስ ሰፊዋ አልካዱም። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ እንቅልፍ ሲነሳኝ የምውጠውን ነው ሻይ ውስጥ የጨመርኩት። እንቅልፍ ወስዷቸው የዛሬው ጉዞ እንዲቀር ብዬ። አንድ ቀን እንኳ እንዲቆዩልኝ። እሳቸው ከሄዱ ከማን ጋር አወራለሁ? ተመልሼ ሳያቸው እጃቸው ቀዝቅዟል።»

ልጅቷ አልጮኸችም። አባቷ እሷን ሸሽቶ እንዳልሞተ አውቃለች፤ እፎይታው ግን አንጀቷ አልደረሰም።

«አባዬ ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ ‹ጎረቤቴን ብቻዋን ጥዬ አልመጣም› አለኝ» አለች። «ግብዣው ከእኔ አፍ ይሁን ብዬ እንዳይነግርዎት የለመንኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የመጣሁት ሁለታችሁንም ልወስድ ነበር።»