ፍረጂን የገደሏት ጠዋት ነው ወይስ ማታ?

እነዚያ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሁለት ጊዜ ነው የበደሉኝ፣ አንደኛው ክትባት የተከተበችና አንገቷ ላይ ቀይ ማሰሪያ ያለባትን ውሻዬን እንደ ማንም ባለቤት የለሽ ውሻ በመርዝ መግደላቸው ነው፣ ሁለተኛውና ለእኔ የባሰው ግን «ጠዋት ነው ወይስ ማታ የገደላችኋት?» ብዬ ስጠይቃቸው መልስ መንፈጋቸው ነው። ካሳ አልጠየቅኩም፣ አንዲት ቃል ነው የጠየቅኩት። የከተማችንን ስም አልጽፍም፣ በመቱ ዙሪያ ካሉት ትናንሽ ከተሞች አንዷ ናት፣ ሰዎቹም ራሳቸውን ያውቃሉ።

አንዲት ቃል ለምን ይህን ያህል እንዳንገበገበችኝ እንዲገባችሁ ያቺን ማታ ልንገራችሁ፣ ግን አስቀድማችሁ እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ከሚያምኑት ሴቶች አይደለሁም። ጅኒ ለከፈኝ፣ የሞተ ሰው ታየኝ የሚሉኝን ሁሉ «ራትሽን ሳትበዪ ተኝተሽ ነው» እያልኩ ስስቅባቸው ነው የኖርኩት፣ ባሌ በሞተ ጊዜ እንኳ ልቅሶኛው ሲበተን እዚያው እሱ የሞተበት አልጋ ላይ ብቻዬን ተኝቻለሁ፣ የመጣብኝም አይጥ ብቻ ነው።

ገመቺስ የሟች ልጄ ልጅ ነው፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ አኮ ነው የሚለኝ፣ በኦሮምኛ አያቴ ማለቱ ነው። ወታደር ሆኖ ጦርነት ሄዶ ሲመለስ እጁም እግሩም ሙሉ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ «እንኳን በደህና መጣልሽ» አለኝ፣ እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ዝናብ ጣለ። የእኛን አገር ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች አይደማመጡም፣ ያ ቁመቱ ጉበን የሚነካ ጎረምሳ ድምፁን ሲሰማ አልጋ ሥር ገብቶ ጆሮውን ይዞ የጓደኞቹን ስም ይጠራ ጀመር። ኢሉባቦር ውስጥ ዝናብ የሚፈራ ሰው የት ሄዶ ይኑር? እስቲ ንገሩኝ!

መቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ መድኃኒት ሰጡት፣ አንዲት ነርስ ደግሞ ወደ ጎን ጠርታኝ «እማማ፣ የሚንከባከበው ነገር ያስፈልገዋል፣ ከጦርነት ለተመለሱ ሰዎች ውሻ አጠገባቸው ሲኖር ቀለል ይላቸዋል፣ ቢሞክሩትስ?» አለችኝ። ውሻ መድኃኒት ሲሆን ሰምቼ አላውቅም፣ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው አይከራከርም።

ጎሬ ላይ ሰው የጣላቸውን ውሾች ግቢያቸው ሰብስበው የሚያኖሩ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ አሉ፣ ይዤው ሄድኩ። ውሾቹ ሁሉ ሲጮሁብን አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ ቡላ ውሻ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታን በሩን ታያለች፣ ገመቺስ አያትና «ይህቺ ጥበቃ ላይ ናት፣ አትረብሿት» አለ፣ ከተመለሰ ወዲህ ቀልድ ሲወጣው የመጀመሪያው ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብሎ እሷ እስክትነሳ ጠበቀ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ «ውሻ አንጭንም!» አለ።

«ባለፈው ከበግ ጋር አልነበረም እንዴ ያጨናነቅከኝ?»

«በግ እኮ ይታረዳል፣ እማማ!»

«እንግዲያው ወንበር የምትሰጠው ለሚታረድ ብቻ ነው? እኔንም ለምን አሳፈርከኝ?» ተሳፋሪው ሳቀበት፣ ገባን። በእኔና በረዳቱ መካከል እውነቱን ፍረጂ ብዬ ስሟን ፍረጂ አልኳት።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቴ ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ አስካለ፣ ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም» አለች። «እስከ ዛሬ ውሻ አልነበረኝም፣ የታለ መልአኩ?» ብላት «አስተግፊሩላህ!» ብላ ሄደች፣ ግን እመኑኝ፣ በማግስቱ በፌስታል አጥንት ቋጥራ የመጣችው እሷው ናት።

ፍረጂ ዝናቡ ሳይመጣ ታውቀው ነበር። ተነስታ ትመጣና ደረቷን ገመቺስ ጉልበት ላይ ትጭናለች፣ እሱም እጁን ጎኗ ላይ አድርጎ እሷ ስትተነፍስ ይተነፍሳል፣ ዝናቡ አልፎ እስኪሄድ እንዲያ ነበሩ። ሲሚንቶው ላይ ስትሄድ ጥፍሯ ችክ ችክ ይላል፣ ውጭ ቆይታ ስትመለስ ደግሞ በሩን ከታች በኩል ትቧጥጣለች፣ ድምፆቿን ሁሉ ለምጃቸዋለሁ።

ያን ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ እንደ ልማዷ ወጣች፣ አልተመለሰችም። ገመቺስ እስከ ገበያው ድረስ ፈልጎ ባዶ እጁን መጣ። ቀኑን ሙሉ በሰፈሩ አንድም ውሻ አልጮኸም፣ ይህንን ግን ያኔ ልብ አላልኩትም። ሲመሽ መብራት ጠፋ፣ ሻማ ለኮስኩ፣ ዝናቡ ወረደ።

እንደ ድሮው አልጋ ሥር ይገባል ብዬ ስጠብቅ ገመቺስ ቡና የምንመነጥርበትን ገጀራ አንስቶ በሩን ተጠግቶ ቆመ።

«ገመቺስ፣ ልጄ።»

«ቁም! ማነህ?»

ሻማው ፊቴን እያበራው ነው፣ እሱ ግን የሚያየው ሌላ ሰው ነው። «አኮ ነኝ» አልኩት፣ «የይለፍ ቃል!» አለኝ፣ እየጮህኩ «አኮ ነኝ፣ አስካለ ነኝ» አልኩ፣ «የይለፍ ቃል ተናገር!» አለና ገጀራውን ከፍ አደረገው። የሞቴን ነገር አላሰብኩም፣ ዕድሜ ጠግቤያለሁ፣ ያሰብኩት ነግቶ ያደረገውን ሲያይ ምን እንደሚሆን ነው፣ ለልጁ የነገሩትን የይለፍ ቃል ለእኔ ለምን አልነገርከኝም እያልኩ በልቤ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት።

በዚህ መሐል በሩ ተቧጠጠ።

ልብ በሉልኝ፣ ዝናቡ እንዳልኳችሁ ነው፣ ስጮህ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር፣ ያ ጭረት ግን ጆሮዬ ሥር ያለ ይመስል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ገመቺስም ሰማው፣ አንገቱን ዞር አደረገና በራሱ ድምፅ፣ በልጄ ድምፅ «ፍረጂ ናት፣ አኮ፣ ክፈቺላት» አለኝ።

መቀርቀሪያውን ሳብኩ። ዝናቡ ፊቴን መታኝ፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ፣ እሷም እግሬን ታክካ ገባች፣ እጄን ጀርባዋ ላይ አሳለፍኩ፣ ፀጉሯ ደረቅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ ወጥታ ደረቅ፣ ደግሞም ጥላ ሥር እንደኖረ ድንጋይ ቀዝቃዛ። ሲሚንቶውን አቋርጣ ስትሄድ ጥፍሯን ለመስማት ጆሮዬን ቀሰርኩ፣ ችክ የሚል ነገር የለም። ሄዳ ደረቷን ጉልበቱ ላይ ጫነች፣ ገጀራው ከእጁ ወደቀ፣ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ፊቱን አንገቷ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ።

ገጀራውን ደበቅኩት፣ በሩን መልሼ ቀረቀርኩ፣ ዳቦ በወተት አርሼ አቀረብኩላት፣ አላሸተተችውም። የስልኬን መብራት አበራሁባት፣ የውሻ ዓይን መብራት ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያበራ ታውቁ የለ፣ የእሷ አላበራም። እንግዲህ የማልረሳውን ልንገራችሁ፣ ገመቺስ እጁን እንደ ልማዱ ጎኗ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወስዶታል፣ እኔም ተቀምጬ ሁለቱን አያለሁ፣ አየሁ፣ ቆየሁና አየሁ፣ የሚተነፍሰው እሱ ብቻ ነበር።

እንዴት እንደሆነ እንጃ እኔንም እንቅልፍ ጣለኝ። ሲነጋ በሩ እንደቀረቀርኩት ነው፣ ዳቦው እንዳለ ነው፣ ፍረጂ የለችም፣ ልጁ ክንዱን ባዶ ነገር ላይ አቅፎ ተኝቷል።

ወዲያው ዘሀራ እያለቀሰች መጣች፣ የተመረዘ ሥጋ በየመንገዱ ጥለው ውሻውን ሁሉ እንደፈጁት፣ ፍረጂም ከሞቱት መሐል እንደታየች ነገረችኝ። «መቼ?» ብላት «እኔ በወሬ ነው የሰማሁት፣ እትዬ» አለች። ገመቺስ ሰምቶ «ማታ እኮ መጥታ ነበር፣ አብራኝ ተኝታለች» አለ፣ ከዚያች ማታ በኋላም ዝናብ ሲጥል አልጋ ሥር መግባቱን ተወ፣ እጁን ከአልጋው ወደ ታች አውርዶ የሆነ ነገር እየዳበሰ ይተኛ ጀመር።

ይህን ትልቁ ልጄ ታደሰ አየው። «እማዬ፣ ይህ ልጅ አበቃለት፣ የሞተ ውሻ እያየ ነው፣ ሰው ሳይጎዳ ጸበል ወስደን በሰንሰለት እናስረው» አለኝ።

«እኔም አይቻታለሁ።»

«አንቺ ደግሞ አርጅተሻል!»

ሰንሰለቱን ገዝቶ አምጥቶ ጓዳዬ አስቀመጠው። እንግዲህ ጥያቄዬ ገባችሁ? ማታ ከገደሏት የገባችው በሕይወት ያለችው ፍረጂ ናት፣ ሌሊት አንዳችን በእንቅልፍ ልባችን ከፍተን አስወጥተናት፣ በሩንም መልሰን ዘግተን ይሆናል፣ መርዙንም ያን ጊዜ በልታለች፣ ልጁም ጤነኛ ነው። በጠፋችበት ዕለት ጠዋት ከሆነ ግን ልጁን የማድንበት ቃል የለኝም።

ቢሮአቸው ተመላለስኩ። ኃላፊ ነኝ የሚለው ሰው «እማማ፣ የውሻ ሞት ሰዓት የሚይዝ ሠራተኛ የለንም» ብሎ ሳቀ።

«የገደለ ሰው መቼ እንደገደለ አያውቅም?»

«ቢያውቁት ምን ያደርግልዎታል?»

«እሱ የእኔ ጉዳይ ነው። ጠዋት ወይስ ማታ? አንዱን በለኝና ልሂድልህ።»

«ነገ ይመለሱ።» ነገ ስመለስ ስብሰባ፣ ከነገ ወዲያም ስብሰባ፣ መጨረሻ ላይ ዘበኛው አሳዘንኩት መሰለኝ፣ የሞቱትን ውሾች በጋሪ የሰበሰበው ቶሎሳ የሚባል ሰው እንደሆነና ሥራውን ድንገት ጥሎ ከጎሬ ወዲያ ያለችው ቡሬ፣ እህቱ ዘንድ እንደሄደ በሹክሹክታ ነገረኝ። ታደሰ ልጁን የሚወስድበትን መኪና ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር፣ ቀድሜው ቡሬ ወረድኩ።

ቶሎሳን እህቱ ግቢ እንጨት ሲፈልጥ አገኘሁት። ሲያየኝ መጥረቢያውን አስቀመጠና «እማማ አስካለ፣ እንደሚመጡ አውቄ ነበር» አለኝ።

«ልጄን በሰንሰለት ሊያስሩብኝ ነው፣ ቶሎሳ። ማታ ነው ብትለኝ ይተርፋል። ውሸት ግን አልፈልግም፣ በውሸት የዳነ ልጅ አልፈልግም፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ለእኔ የምትነግረኝንም ታደሰ ፊት ትደግምልኛለህ።»

«ዱጉማ፣ እውነቴን ነው፣ እደግመዋለሁ። ግን የሚጠቅምዎት አይመስለኝም።»

«ጠዋት ነው ወይስ ማታ?»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ በዳሪሙ በኩል ደመናው እየጠቆረ ነበር፣ ሊጥል ነው።

«ጠዋት ነው፣ እማማ። ገና ሳይነጋጋ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ወድቃ አገኘኋት፣ በገዛ እጄ ጉድጓድ አስገብቼ አፈር መልሼባታለሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ዝናቡ ሲጀምር ግን መጀመሪያ የመጣችው እኔ ዘንድ ነበር፣ በሩን ቧጠጠችው፣ በቀዳዳ አየኋት፣ አልከፈትኩላትም። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ትመጣለች፣ እዚህ ቡሬ ድረስ።»